በባሕር ላይ ሕግ ያወጣ ሰው፦ የሃሮልድ ስተርሊንግ ቫንደርቢልት ሕይወት (1884–1970)

አንድ ሰው ከሞተ በኋላ ስሙ በምን እንደሚነሣ አስቀድሞ ማወቅ አይቻልም። ብዙ ሀብት ያፈሰሰበትና ዕድሜውን የጨረሰበት ሥራ ከእርሱ ጋር አብሮ ሲረሳ፣ በትርፍ ጊዜው የሠራው ትንሽ ነገር ግን ከትውልድ ወደ ትውልድ ሲተላለፍ ይታያል። ለዚህም የአሜሪካዊው የሃሮልድ ስተርሊንግ ቫንደርቢልት ሕይወት ጥሩ ምስክር ነው።

ቫንደርቢልት በዘመኑ ስማቸው ከታወቁት ባለጸጎች አንዱ ነበር። ከአባቶቹ በወረሰው ታላቅ የባቡር ኩባንያ ውስጥ በዳይሬክተርነት ሠርቷል። በሸራ ጀልባ እሽቅድምድም ከሁሉ አብልጦ የሚከበረውን ዋንጫ ሦስት ጊዜ ተከላክሎ ለአገሩ አስቀርቷል። ዳሩ ግን ያ የባቡር ኩባንያ ዛሬ የለም፤ ዋንጫውን ያስቀሩት ጀልባዎችም ፈርሰዋል። ሳይጠፋ የቀረው፣ በ1925 ዓ.ም. በአንዲት የመንገደኛ መርከብ ላይ ሳለ በወረቀት ያሰፈረው የነጥብ ሠንጠረዥ ነው። ዛሬ በመላው ዓለም ኮንትራት ብሪጅ ተብሎ የሚጠራው የካርታ ጨዋታ የቆመው በዚህ ሠንጠረዥ ላይ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ትውልዱና ትምህርቱ

የቤተሰቡ ሀብት የጀመረው ከውሃ ላይ ነበር። የሃሮልድ ቅድመ አያት ኮርኔሊየስ ቫንደርቢልት በልጅነቱ በአንዲት ትንሽ ጀልባ በስታተን አይላንድና በማንሃታን መካከል ሰውና ዕቃ በማመላለስ ሥራውን ጀመረ። ከዚያ በእንፋሎት መርከቦች፣ በመጨረሻም በባቡር መሥመሮች እየከበረ ሄዶ በ1877 ሲሞት 100 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ተወ። ይህም በጊዜው በአሜሪካ ተሰምቶ የማይታወቅ ሀብት ነበር። ሰዎች የመርከብ አዛዥ የሚል የማዕረግ ስም አውጥተውለት ስለነበር እስከ ዕለተ ሞቱ ድረስ በዚሁ ስም ይጠራ ነበር።

ሃሮልድ የተወለደው ቅድመ አያቱ ከሞተ ከሰባት ዓመት በኋላ፣ ጁላይ 6 ቀን 1884፣ በኒው ዮርክ ግዛት በሎንግ አይላንድ፣ ኦክዴል በተባለው ሥፍራ ነው። አባቱ ዊሊያም ኪሳም ቫንደርቢልት፣ እናቱ አልቫ ስሚዝ ይባላሉ። ከሦስት ልጆች የመጨረሻው እርሱ ነበር። ወላጆቹ በ1895 ሲፋቱ ገና ሕፃን ነበር። እናቱ በኋላ ዘመን የአሜሪካ ሴቶች የመምረጥ መብት እንዲያገኙ በተደረገው ትግል ውስጥ ከታወቁት መሪዎች አንዷ ሆናለች።

ሃሮልድ በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ተምሮ በ1907 የመጀመሪያ ዲግሪውን ተቀበለ፤ ከዚያም እስከ 1910 ድረስ በዚያው ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ተከታተለ። በጥብቅና ሙያ ባይሠማራም፣ ቃልን መዝኖ የመጻፍና ለአንድ ነገር ሁሉ ወሰኑን የማበጀት ልማድ ከዚህ ትምህርት ሳያገኝ አልቀረም። በኋላ ለሸራ ጀልባም ሆነ ለካርታ ያወጣቸው ሕጎች የሕግ ተማሪ እጅ እንዳለባቸው ያሳያሉ።

ከትምህርት ቤት ወጥቶ በቤተሰቡ የባቡር ኩባንያ በኒው ዮርክ ሴንትራል ሥራ ጀመረ። ባሕር ግን አልለቀቀውም። በ1910 ቫግራንት በተባለችው ጀልባው ወደ ቤርሙዳ ደሴቶች በተደረገው እሽቅድምድም አሸነፈ። አሜሪካ አንደኛው የዓለም ጦርነት ውስጥ በገባች ጊዜም በባሕር ኃይል ተጠባባቂ ጦር ውስጥ በመኮንንነት አገለገለ። አባቱ በ1920 ሲሞት ከነኃላፊነቱ ብዙ ሀብት ወረሰ።

ከዊስት እስከ ብሪጅ

ቫንደርቢልት ምን እንደሠራ ለመረዳት፣ ከእርሱ በፊት ጨዋታው በምን ሁኔታ ላይ እንደነበር ማወቅ ያስፈልጋል።

የብሪጅ አባት ዊስት የተባለው የእንግሊዞች ጨዋታ ነው። አራት ሰዎች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ይቀመጣሉ፤ ፊት ለፊት የሚተያዩት ሁለቱ አጋሮች ናቸው። አምሳ ሁለቱ ካርታዎች ለአራቱ አሥራ ሦስት አሥራ ሦስት ሆነው ይታደላሉ። አንዱ ካርታ ሲጥል ሌሎቹም በተራ አንድ አንድ ይጥላሉ፤ የበለጠውን የጣለው ያንን ዙር ይወስዳል። እንዲህ እየተባለ አሥራ ሦስት ዙር ይሄዳል። ከአራቱ የካርታ ዓይነቶች አንደኛው ሌሎቹን የመርታት ሥልጣን ይኖረዋል፤ ይህም ትራምፕ ይባላል። በዊስት ጊዜ ትራምፕ የሚሆነውን የሚወስነው በመጨረሻ የሚገለጠው ካርታ ስለነበረ፣ ነገሩ የዕድል ነበር።

በአሥራ ዘጠነኛው ምዕት ዓመት መጨረሻ ላይ ብሪጅ መጣ። ካርታ ያደለው ሰው ወይም አጋሩ ትራምፑን ይመርጥ ጀመር፤ የአዳዩም አጋር ካርታውን ገልጦ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። ከ1904 ገደማ ጀምሮ ደግሞ አራቱም ተጫዋቾች ትራምፑን ለመምረጥ እንደ ሐራጅ ይጫረቱ ጀመር። ብዙ ዙር እንወስዳለን ብሎ ቃል የሰጠ ወገን ጨረታውን ያሸንፋል። ይህ ዓይነቱ ጨዋታ ኦክሽን ብሪጅ፣ ማለት የጨረታ ብሪጅ፣ ተባለ። ቫንደርቢልት ያደገው በዚህ ጨዋታ ነው። እስከ 1920 ድረስም ጆሴፍ ኤልዌል ከተባለው የታወቀ የብሪጅ መምህርና ደራሲ ጋር በአጋርነት ይጫወት ነበር።

የጨረታ ብሪጅ ግን አንድ ትልቅ ጉድለት ነበረው። አንድ ወገን ጨረታውን በዝቅተኛ ቃል አሸንፎ ብዙ ዙር ቢወስድ፣ ቃል ያልገባባቸውም ዙሮች ሁሉ ለጨዋታው ማሸነፊያ ይቆጠሩለት ነበር። አሥር ዙር የሚያስወስድ ካርታ የያዘ ሰው ሰባት ብሎ ዝም ቢል የሚጎድልበት ነገር አልነበረም። እንዲያውም ዝቅ አድርጎ መጫረት ብልህነት ሆነ። በዚህም ምክንያት ጨረታው ትርጉሙን አጣ፤ ደፋርና ጠንቃቃ፣ አዋቂና ዕድለኛ ሳይለዩ ቀሩ።

ፈረንሳዮች ይህን ጉድለት በከፊል አርመውት ነበር። ፕላፎን በተባለው ጨዋታቸው ለማሸነፊያ የሚቆጠረው ቃል የተገባበት ዙር ብቻ ነው። ፕላፎን በፈረንሳይኛ ጣሪያ ማለት ነው፤ ተጫዋቹ የራሱን ጣሪያ ራሱ ይሠራል፣ ከዚያ በላይ ቢወጣ ለማሸነፊያ አይታሰብለትም። ሐሳቡ መልካም ነበር፤ ዳሩ ግን የነጥቡ አሰጣጥ ለደፋሩ በቂ ዋጋ፣ ለተሳሳተው በቂ ቅጣት የሚሰጥ ባለመሆኑ ጨዋታው ገና ሚዛኑን አላገኘም ነበር።

በፊንላንድ መርከብ ላይ

በ1925 መጸው ቫንደርቢልት ከሦስት ወዳጆቹ ጋር በሎስ አንጀለስ ወደብ ፊንላንድ በተባለች የመንገደኛ መርከብ ተሳፈረ። ወዳጆቹ ፍሬደሪክ አለን፣ ፍራንሲስ ቤከንና ዳድሊ ፒክማን ነበሩ። መርከቢቱ በ1902 በፊላደልፊያ የተሠራች፣ በጦርነቱ ጊዜ ወታደር ስታመላልስ በ1917 በቶርፔዶ ተመትታ ሳትሰጥም የተረፈች ነበረች። በዚህ ጊዜ ከካሊፎርኒያ ተነሥታ በፓናማ ቦይ በኩል ወደ ሃቫና፣ ከዚያም ወደ ኒው ዮርክ ትመላለስ ነበር።

የመርከብ ጉዞ ለአዲስ ጨዋታ መፈተኛ የተመቸ ነው። ስልክ አይደወልም፤ ጉዳይ የሚያስፈጽም ሰው በር አያንኳኳም፤ ከጠረጴዛው የተነሣ ተጫዋች የትም ሊሄድ አይችልም። አራቱ ወዳጆች ቀኑን በካርታ ያሳልፉ ነበር፤ የሚጫወቱትም ፕላፎን ነበር። ቫንደርቢልት ግን በየዕለቱ ነጥቡን እየመዘገበ የጨዋታውን ሕመም በልቡ ይመረምር ነበር።

መርከቢቱ ኦክቶበር 31 ቀን 1925 ባልቦአ ደረሰች። ሰዓቱ ስለመሸ ወደ ቦዩ ለመግባትም ሆነ ተሳፋሪዎች ወደ የብስ ለመውረድ አልተቻለም። በዚያ ምሽት አንዲት ወጣት ተሳፋሪ በጨዋታቸው እንድትካፈል ተፈቀደላት። ሴትዮዋ በቻይና አየሁት ባለችው ጨዋታ መሠረት እንግዳ የሆኑ የሕግ ማሻሻያዎች ታቀርብ ጀመር። ብዙዎቹ ማሻሻያዎች ለቫንደርቢልት የሚዋጡለት አልነበሩም። ነገር ግን አንድ ቃሏ በጣም ጠቀመው። ይኸውም በቅድሚያ አንድ ጨዋታ ያሸነፈው ወገን ከዚያ በኋላ ቢሳሳት ቅጣቱ የሚከብድበትን ሁኔታ የሚገልጽ ቃል ነበር። በአማርኛ ተጋላጭ ልንለው እንችላለን። ወዳጆቹ ለዚህ ሁኔታ ስም ሲፈልጉ ሰንብተው ስላጡ ቃሉን በደስታ ተቀበሉት። የዚህች ሴት ስም እስከ ዛሬ አልታወቀም። በዓለም ላይ ያሉ የብሪጅ ተጫዋቾች ሁሉ በየቀኑ የምታወርሳቸውን ቃል እየተናገሩ ባለቤቷን አያውቋትም።

በማግሥቱ መርከቢቱ በፓናማ ቦይ ውስጥ ከአንዱ የውሃ በር ወደ ሌላው ቀስ እያለች ስታልፍ፣ ቫንደርቢልት ቁጭ ብሎ የነጥብ ሠንጠረዡን አወጣ። በዚያው ምሽት፣ ኖቬምበር 1 ቀን፣ አራቱ ወዳጆች በአዲሱ ሕግ ተጫወቱ። ኮንትራት ብሪጅ በባሕር ላይ ተወለደ።

አዲሱ ሕግ የፕላፎንን ዋና ሐሳብ ጠብቆ ሦስት ነገሮችን አጠናከረ። አንደኛ፣ አንድ ጨዋታ የሚፈጸመው ቃል ከተገባባቸው ዙሮች 100 ነጥብ ሲገኝ ነው ተባለ። ሁለተኛ፣ አሥራ ሁለቱን ወይም አሥራ ሦስቱንም ዙሮች ጠቅልሎ ለመውሰድ አስቀድሞ ቃል ገብቶ ለፈጸመ ወገን ከፍ ያለ ሽልማት ተመደበ፤ ሳይናገር ለወሰደ ግን ያ ሽልማት የለም። ሦስተኛ፣ ጨዋታ ያሸነፈ ወገን ተጋላጭ ሆኖ፣ ቃሉን ቢያጥፍ ቅጣቱ፣ ቢፈጽም ደግሞ ሽልማቱ እንዲበዛ ተደረገ። በዚህ ዓይነት የመራው ወገን እንዳይኩራራ፣ የተመራውም ተስፋ እንዳይቆርጥ ሆነ።

እነዚህን ሦስት ነገሮች የሚያስተሳስራቸው አንድ ሐሳብ ነው፤ እርሱም ቃል ነው። በጨረታ ብሪጅ ሰው ከተናገረው በላይ ቢያገኝ ምርቃት ነበር። በኮንትራት ብሪጅ ግን አቅሙን ያላወቀ ይቀጣል፣ አቅሙን ያሳነሰም ይከስራል። በጠረጴዛው ላይ የሚነገረው ቃል ውል ነውና ከተናገሩ በኋላ መመለስ የለም። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም የሚለው ያገራችን ተረት ለብሪጅ ተጫዋች የተነገረ ይመስላል።

ያለ ዋጋ የተሰጠ ሥራ

ቫንደርቢልት ወደ ቤቱ ሲመለስ ሠንጠረዡን በመኪና አስጽፎ በኒውፖርትና በኒው ዮርክ ለሚገኙ ወዳጆቹ ሰጠ። ከዚህ በቀር ጨዋታውን ለማስተዋወቅ ያደረገው ነገር አልነበረም። የባለቤትነት መብት አልጠየቀም፤ ገንዘብም አልተቀበለበትም። ወዳጆቹ ለወዳጆቻቸው፣ ክለቦች ለክለቦች እያስተላለፉት በጥቂት ዓመታት ውስጥ የጨረታ ብሪጅ ቦታውን ለቀቀ። በ1927 የኒው ዮርክ ዊስት ክለብ የኮንትራት ብሪጅን ሕግ አሳተመ። በ1928 በስሙ የሚጠራው የቫንደርቢልት ዋንጫ ተመሠረተ፤ ይህም ውድድር እስከ ዛሬ በአሜሪካ በየዓመቱ ይካሄዳል። እርሱ ራሱ በ1932ና በ1940 ከቡድኑ ጋር ዋንጫውን በልቷል።

ሌሎች ሰዎች ከዚሁ ጨዋታ ብዙ ገንዘብ አፈሩ። ከሁሉም በላይ የታወቀው ኢላይ ኩልበርትሰን ነው። ይህ ሰው በ1930 የጨረታን አመራር የሚያስተምር መጽሐፍ አሳተመ፤ ከ1931 መጨረሻ እስከ 1932 መጀመሪያ ድረስም ከሲድኒ ሌንዝ ጋር ያደረገው ግጥሚያ በጋዜጣና በራዲዮ ተወርቶ አሜሪካን በሙሉ አነጋገረ። በኢኮኖሚ ድቀት ዘመን ብዙ ሰው ከቤቱ ሆኖ በትንሽ ወጪ የሚዝናናበት ነገር ይፈልግ ስለነበር፣ ብሪጅ በየቤቱ ገባ። ኩልበርትሰን መምህራንን አሠለጠነ፣ መጽሔት አቋቋመ፣ ከበረ። ጨዋታውን ለሕዝብ ያደረሰው በእርግጥ እርሱ ነው። ሆኖም ያስተማረው ሌላው ሰው ያለ ዋጋ የሰጠውን ሕግ ነበር።

ቫንደርቢልት የራሱም የጨረታ ዘዴ ነበረው። በ1929 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ተጫዋቹ ጠንካራ ካርታ ሲይዝ በዝቅተኛው የጨረታ ቃል ጀምሮ ለአጋሩ ምልክት እንዲሰጥ አስተማረ። በዚያን ጊዜ ይህ ዘዴ ከባድ ነው ተብሎ የኩልበርትሰን መንገድ በገበያ አሸነፈው። ከብዙ ዓመታት በኋላ ግን የዓለምን ሻምፒዮና እየደጋገሙ የወሰዱት ጣሊያኖች በዚህ ሐሳብ ላይ የተመሠረቱ ዘዴዎችን ተጠቀሙ። በሻንጋይ ተወልዶ በአሜሪካ የመርከብ ባለሀብት የሆነው ቻርልስ ዌይም የራሱን ዘዴ በዚሁ ላይ አቆመ፤ የታይዋን ቡድን በዚህ ዘዴ በ1969 እስከ ዓለም ሻምፒዮና ፍጻሜ ደረሰ። ቫንደርቢልት ይህን ለማየት በሕይወት ነበር።

ሕግና ነፋስ

በ1930ዎቹ ዓመታት የሕዝብ ዓይን የነበረው ግን በካርታው ሳይሆን በጀልባው ላይ ነው። ቫንደርቢልት የአሜሪካን ዋንጫ ለመከላከል ሦስት ታላላቅ የሸራ ጀልባዎችን መራ። በ1930 በኢንተርፕራይዝ የሰር ቶማስ ሊፕተንን ጀልባ አራት ለባዶ አሸነፈ። በ1937 በሬንጀር የቶማስ ሶፕዊዝን ጀልባ እንዲሁ አራት ለባዶ ረታ፤ ድቀቱ ባለጸጎችን ስላሳሳ የሬንጀርን ወጪ ብቻውን ችሎ ነበር።

ከሦስቱ በጣም አስቸጋሪው የ1934ቱ ነበር። ሬይንቦ በተባለችው ጀልባው የመጀመሪያዎቹን ሁለት ግጥሚያዎች ተሸነፈ። በሦስተኛውም እጅግ ወደ ኋላ ስለቀረ መሪውን ለሼርማን ሆይት አስረክቦ ወደ ታች ወረደ። ሆይት የሶፕዊዝን ጠባይ ያውቅ ነበርና ጀልባዋን ወደ ነፋሱ አጠጋግቶ ሲነዳ፣ ሶፕዊዝ ሊከላከል ብሎ አቅጣጫውን ለወጠ፤ በዚህም ፍጥነቱን አጣ። ሬይንቦ አልፋ አሸነፈች። ቫንደርቢልት መሪነቱን ለአጋሩ መልቀቅን እንደ ውርደት አለመቁጠሩ የብሪጅ ተጫዋች ጠባይ ነው። በብሪጅም ጨረታው ሲያበቃ ከሁለቱ አጋሮች አንዱ ካርታውን ዘርግቶ ዝም ይላል፤ ውሉን የሚፈጽመው ሌላው ነው።

በአራተኛው ግጥሚያ ሶፕዊዝ የመተላለፍ መብቴ ተጣሰ ብሎ የተቃውሞ ሰንደቅ ሰቀለ። ዳኞቹ ሰንደቁ በጊዜው አልተሰቀለም ብለው አቤቱታውን ሳይሰሙ መለሱት። ሬይንቦ በመጨረሻ አራት ለሁለት አሸነፈች፤ ነገር ግን ክርክሩ ብዙ ቅሬታ ተወ። በአሜሪካ እንኳ ዳኝነቱን የነቀፉ ነበሩ። ሕግ ግልጽ ካልሆነ አሸናፊውም ድሉን በሙሉ ልብ አይደሰትበትም። ቫንደርቢልት ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት በውሃ ላይ ሁለት ጀልባዎች ሲገናኙ የትኛው መንገድ መልቀቅ እንዳለበት የሚወስኑ አዲስ ሕጎች አርቅቆ በራሱ ድካም አስፋፋ። የሰሜን አሜሪካ የጀልባ እሽቅድምድም ማኅበር በ1948 ተቀበላቸው፤ ቆይተውም ለዓለም አቀፉ ሕግ መሠረት ሆኑ። ስለዚህ ሁለት ጊዜ ሕግ አውጪ ሆነ፤ አንድ ጊዜ ለጠረጴዛ፣ አንድ ጊዜ ለባሕር።

መምህርና ተማሪ በመርከብ ላይ

ጨዋታው በመርከብ ላይ ተወልዶ ከመርከብ አልወጣም። ከአውሮፓ ወደ አሜሪካ የሚመላለሱት ታላላቅ መርከቦች የካርታ ክፍል ነበራቸው። በዚያ ዘመን ግን ከማያውቁት ሰው ጋር ካርታ መጫወት አደጋ ነበረው። ሙያቸው ማጭበርበር የሆነ ሰዎች ጨዋ መስለው እየተሳፈሩ መንገደኛውን ስለሚያራቁቱ፣ የመርከብ ኩባንያዎች ተሳፋሪዎቻቸው እንዲጠነቀቁ ማስታወቂያ ይለጥፉ ነበር።

ከ1958 ወዲህ የጄት አውሮፕላን አትላንቲክን መሻገር ሲጀምር መንገደኛው መርከብን ተወ። መርከቦቹም ለመድረስ ሳይሆን ለመዝናናት የሚጓዙበት ሆኑ። በዚህ ጊዜ የብሪጅ ጨዋታ በመርከብ ላይ መልኩን ለወጠ። በብዙ የሽርሽር መርከቦች ላይ መምህርና አጫዋች የሆነ ሰው ይመደባል። መርከቡ ወደብ በማይገባባቸው ቀናት ጠዋት ለጀማሪውና ለነባሩ ትምህርት ይሰጣል፤ ከሰዓት በኋላ ውድድር ይካሄዳል። አጋር የሌለው ብቸኛ ተጓዥ ቢመጣ አጫዋቹ አጋር ይፈልግለታል። የአሜሪካ ኮንትራት ብሪጅ ማኅበርም በመርከብ ላይ ለሚደረጉ ውድድሮች ፈቃድ እየሰጠ ተጫዋቾች ያገኙትን ነጥብ ይመዘግብላቸዋል።

ውድድሩ የሚካሄደው በገንዘብ ሳይሆን በችሎታ እንዲሆን ያስቻለው አንድ ዘዴ ነው። ለእያንዳንዱ ተጫዋች የደረሰው ካርታ ሳይቀላቀል በመያዣ ተቀምጦ ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ ይተላለፋል። በዚህም ሁሉም በተራቸው ያንኑ ካርታ ይጫወታሉ። መጥፎ ካርታ የደረሰው ሰው፣ ያንኑ መጥፎ ካርታ ከያዙት ሌሎች ሰዎች ጋር ስለሚነጻጸር፣ ዕድሌ ጠመመ ብሎ ማማረር አይችልም። ለአንድ ሰው ሊደርሱ የሚችሉት የካርታ ዓይነቶች ከ635 ቢሊዮን ስለሚበልጡም፣ ዕድሜውን ሙሉ ሲያስተምር የኖረ መምህር እንኳ በየቀኑ አዲስ ነገር ያጋጥመዋል።

የመምህሩ ሥራ ቀላል አይደለም። በፊቱ የሚቀመጡት ከልዩ ልዩ አገር የመጡ፣ ትምህርታቸውም ሆነ ዕድሜያቸው የማይመሳሰል ሰዎች ናቸው። ነገር ግን ጨረታው የሚካሄደው በአሥራ አምስት ቃላት ብቻ ነው፤ ከአንድ እስከ ሰባት ያሉት ቁጥሮች፣ የአራቱ የካርታ ዓይነቶች ስሞች፣ ያለ ትራምፕ የሚለው፣ ማለፍን የሚገልጸው፣ ሁለት እጥፍና አራት እጥፍ የሚሉት። እነዚህን የተማረ ሰው ቋንቋውን ከማያውቀው ሰው ጋር አጋር ሆኖ ሊውል ይችላል። የአንዱ ቃል ለሌላው የሚታመን የሚሆነው ግን ሁለቱም ለአንድ ሕግ ሲገዙ ነው። በድሮው የካርታ ክፍል ማስጠንቀቂያ ይለጠፍ የነበረው በእንግዶች መካከል መተማመን ስላልነበረ ነው፤ ዛሬ እንግዶች ያለ ሥጋት አጋር የሚሆኑት የታወቀ ሕግና ሕጉን የሚያስከብር ሰው ስላለ ነው።

ይህ ሲባል ግን ጨዋታው ለሁሉ እኩል በሩን ከፍቶ ነበር ማለት አይደለም። ሕጉ በጠረጴዛው ላይ ሰውን ከሰው ባይለይም፣ ወደ ጠረጴዛው የሚያስገባው በር ለረጅም ጊዜ ይለይ ነበር። ጥቁር አሜሪካውያን ከዋናው ማኅበር ውድድሮች ስለተከለከሉ በ1932 የራሳቸውን የብሪጅ ማኅበር አቋቋሙ። ዋናው ማኅበር በዘር ምክንያት አባልነትን መከልከልን ፈጽሞ ያስቀረው በ1967 ነው። መልካም ሕግ ብቻውን እንደማይበቃ፣ ሕጉን የሚጠብቀው ማኅበርም መልካም መሆን እንዳለበት ይህ ታሪክ ያስተምራል።

የመጨረሻዎቹ ዓመታት

ቫንደርቢልት በ1933 ገርትሩድ ኮናዌይን አገባ፤ ልጅ ግን አልወለዱም። ባለቤቱ በጀልባዎቹ ላይ አብራው ትጓዝ ነበር። በ1954 ሮበርት ያንግ የተባለ ባለሀብት ባለአክሲዮኖችን አስተባብሮ የኒው ዮርክ ሴንትራልን አስተዳደር ሲወስድ፣ ቫንደርቢልት ከዳይሬክተሮች ቦርድ ወጣ። በዚህም ቤተሰቡ በባቡሩ ላይ የነበረው የብዙ ዘመን ሥልጣን አከተመ። ከዚያ በኋላ ቅድመ አያቱ በ1873 በሰጠው ገንዘብ የተመሠረተውን የቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ ቦርድ እስከ 1968 ድረስ በፕሬዚዳንትነት መራ። እናቱ በኒውፖርት ትኖርበት የነበረው ዕብነ በረድ ቤት በ1963 በቅርስ ጠባቂ ማኅበር ተገዝቶ ለሕዝብ ሲከፈትም ገንዘቡን የሰጠው እርሱ ነው።

ስለ ብሪጅ ሕግ ማሰቡን ግን አላቋረጠም። ሕጉ በየጊዜው ሲታረም በአርቃቂዎቹ ኮሚቴ ውስጥ ይሠራ ነበር። በ1960 በቱሪን የመጀመሪያው የዓለም ብሪጅ ኦሊምፒያድ ሲደረግ ለአሸናፊው የሚሰጠውን ዋንጫ አበረከተ፤ ፈረንሳይ ወሰደችው። በ1964 የአሜሪካ የብሪጅ ታላላቅ ሰዎች መዝገብ ሲከፈት ከኢላይ ኩልበርትሰንና ከቻርልስ ጎረን ጋር ከመጀመሪያዎቹ ሦስት ሰዎች አንዱ ሆኖ ተመዘገበ። በ1969 የዓለም ብሪጅ ፌዴሬሽን የመጀመሪያው የክብር አባል አደረገው። በኑዛዜውም በስሙ የሚጠራውን ዋንጫ የሚያሸንፉ ሁሉ የዋንጫውን አምሳያ እንዲያገኙ 100,000 ዶላር ተወ።

የባቡር ኩባንያው በ1968 ከተፎካካሪው ከፔንሲልቬኒያ ባቡር ጋር ተዋሐደ። አዲሱ ድርጅት ግን ሁለት ዓመት ከመንፈቅ እንኳ ሳይቆም ጁን 21 ቀን 1970 ኪሳራውን ለፍርድ ቤት አስታወቀ። በጊዜው በአሜሪካ ታሪክ ከታዩት የኩባንያ ኪሳራዎች ሁሉ ትልቁ ይህ ነበር። ከዚያ ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ጁላይ 4 ቀን፣ ሃሮልድ ቫንደርቢልት በኒውፖርት ሞተ። ሰማንያ ስድስት ዓመት ሊሞላው የቀረው ሁለት ቀን ብቻ ነበር። ከአባቶቹ የተቀበለው ታላቅ ውርስ ሲፈርስ እርሱም አብሮ አረፈ።

ከአባቶቹ ያልተቀበለው ግን ቆመ። ዛሬ በማናቸውም ባሕር ላይ በሚጓዝ የሽርሽር መርከብ ውስጥ፣ ከሰዓት በኋላ ሰዎች ለብሪጅ ሲቀመጡ፣ ጨረታውን የሚያካሂዱት በድምፅ ሳይሆን ቃሉ በተጻፈባቸው ትናንሽ ካርዶች ነው። ከእነዚህ ካርዶች በብዙዎቹ ጀርባ ላይ እያንዳንዱ ውል ቢፈጸም ስንት ነጥብ እንደሚያስገኝ ታትሟል። ከቁጥሮቹ ጥቂቶቹ በጊዜ ብዛት ተሻሽለዋል፤ መሠረታቸው ግን ያው፣ ፊንላንድ የተባለችው መርከብ በፓናማ ቦይ ስታልፍ የተሰላው ነው። መርከቢቱ በ1928 ተሰባብራ ብረቷ ተሸጠ። አብረው የተጓዙትም ሁሉ አልፈዋል። ካርዱን ገልብጦ ነጥቡን የሚያየው ተሳፋሪ አብዛኛውን ጊዜ ይህን ታሪክ አያውቅም፤ ሕጉ ግን ለሚያውቀውም ለማያውቀውም እኩል ያገለግላል።